ሐረጎ በስንት ሊትር ይወጣል? ከኮምቦልቻ ደሴ የነዳጅ ማስታወሻ

ኮምቦልቻ ስንገባ የመንገድ ቆጣሪው 378 ይላል። አዲስ አበባ ላይ ታንከሩን ሞልቼ ዜሮ አድርጌው ነበር፤ ኮምቦልቻ ማደያ ላይ ሲሞላ 25.2 ሊትር ወሰደ። ሲካፈል በሊትር 15 ኪሎ ሜትር ነው። 1.3 ሊትር ሞተር ላላትና ሦስት ሰው ከነሻንጣው ለጫነች ያሪስ የሚያስከፋ ውጤት አይደለም። ግን ቁጥሩን እንዳለ መቀበል አይገባም። አዲስ አበባ ከኮምቦልቻ በ500 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ መንገዱ ጣርማ በር ድረስ ቢወጣም በድምሩ ስንወርድ ነው የመጣነው። ስንመለስ በዚያው ጭነትና በዚያው እግር ወደ 14 ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ዳገትና ቁልቁለት ባለበት አገር ፍጆታ የሚለካው ደርሶ መልስ ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ማደያው ላይ መስጫው ራሱ «ቀጭ» ብሎ እስኪቆም ይሞላል፣ ቆጣሪው ዜሮ ይደረጋል፣ ቀጥሎም በዚያው «ቀጭ» ላይ ተሞልቶ የተጓዙት ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ይካፈላል። ስህተቱ የሚገባው ቀጂው «ልጨምርልህ» ብሎ እስከ አፉ ሲሞላ ነው። 25 ሊትር ላይ ግማሽ ሊትር ቢሳሳት 2 በመቶ ነው፤ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ለመውጣት በሚበቃው ሁለት ሊትር ላይ ግን ልኬቱ ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ለአጭር መንገድ ከመሪው ሥር የሚሰካና ለስልክ ሊትር በሰዓት የሚነግር ኦቢዲ ማንበቢያ ያስፈልጋል። ሌላው ሰው የሚረሳው ጎማ ነው። መኪናዬ ከፍ ትበልልኝ ብሎ በ175/65 አር 14 ፋንታ 185/70 አር 14 ያስገጠመ ሰው ጎማው በ5 በመቶ ስለሚተልቅ ቆጣሪው የሄደውን አሳንሶ ያነብበታል። መኪናዬ በላች የሚለው ክስ ግማሹ ከዚህ ይመጣል።

ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴ ያለውን ልዝለለው፤ ሞቃትና ሜዳማ ነው፣ ለቤንዚን ደግሞ ከመንገዱ ሁሉ የሚመረጠው እሱ ነው። እዚያ ላይ በ80 የሚነዳና በ100 የሚነዳ እኩል አይከፍሉም። የነፋሱ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ከ80 ወደ 100 ሲኬድ መኪናውን ወደ ኋላ የሚይዘው የነፋስ ኃይል 56 በመቶ ይጨምራል። ጣሪያ ላይ ፍራሽ ያሰረ ሰው ደግሞ ይብስበታል፤ በፈጣን መንገድ ትልቅ የጣሪያ ሣጥን ብቻውን ከ6 እስከ 17 በመቶ ፍጆታ ሊያሳድግ ይችላል። ስለዚህ ዕቃችንን በሙሉ ውስጥ ነው ያጨቅነው፤ ከኋላ የተቀመጠው ጓደኛዬ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ሲያማርር ነበር።

የኮምቦልቻ ሌሊት አልተመቸኝም። ክፍሉ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነው፤ በባቲ በኩል የሚመጡት ተሳቢዎች ሲያጓሩ ያድራሉ። 900 ብር የተባለው ክፍል ጠዋት ላይ «ለመኪና ማሳደሪያ» ተብሎ 150 ተጨመረበት። «ታዲያ ዘበኛው ምን ይብላ ጋሼ?» አለኝ ልጁ ፈገግ ብሎ። አዲስ አበባ ቢሆን ተከራክሬ አስቀንስ ነበር፤ እዚህ ግን ፈገግታው አሸነፈኝና ከፈልኩ። ይልቅ ያበሸቀኝ ገና ሳይነጋ መስኮቴ ሥር ፒካፕ አስነስቶ ሃያ ደቂቃ ሙሉ «ሞተር ሲያሞቅ» የቀሰቀሰኝ ሰው ነው። የእኔን የመሰለ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከ0.6 እስከ 0.8 ሊትር ይወስዳል፤ የፒካፑ ከዚያ ይበልጣል። በኢንጀክሽን (ኮምፒውተር እየለካ ቤንዚን በሚረጭበት ዘዴ) ለሚሠራ ሞተር ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ በዝግታ እየነዱ ነው የሚሞቀው፣ ቆሞ ከሚሞቀውም ይፈጥናል። የአየር ፍሬን ያለው ከባድ መኪና ግን ጋኑ አየር እስኪሞላ መቆም ግዴታው ነው፤ ተሳቢዎቹን ለዚህ ይቅር ብያቸዋለሁ።

የኮምቦልቻን ቂም ያስረሳኝ አንድ አዛውንት ጎሚስታ ናቸው። ማታ እንደገባን ጎማ ልኩልን ስንላቸው መዳፋቸውን ጎማው ላይ አሳርፈው «አብሽር ልጄ፣ ትኩስ ጎማ አልለካም፤ ነገ ማልዳችሁ ኑ» አሉን። ስንቱ ጎሚስታ ነው ገንዘብ እምቢ የሚል? ሐቁም ከሳቸው ጋር ነው። ጎማ ሲነዳ ስለሚሞቅ ቀዝቃዛ ሆኖ 33 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) የነበረው ከጉዞ በኋላ 36 ወይም 37 ሊያነብ ይችላል፤ «በዛ» ብሎ ያስተነፈሰ ሰው ጠዋት ላይ በ30 ነው የሚነዳው። በማግስቱ ሲለኩት የሾፌሩ በር ዓምድ ላይ የተለጠፈው 33 ሆኖ ሳለ ሦስቱ ጎማዎች 30፣ የፊት ግራው 27 ሆኖ ተገኘ። ሰውየው የጣታቸውን ጫፍ በምራቅ አርሰው ቫልቩን ቀቡት። ትንሽ አረፋ ተነፋች፣ ፈነዳች፣ ሌላ ተነፋች። የቫልቩን ውስጥ ለወጡና በ50 ብር ጨረሱት፤ ለልኬቱ አልተቀበሉም።

ጎማ ነፍቼ ግማሽ ታንከር አተርፋለሁ የሚል ግን ይሞኛል። አራቱም ጎማዎች በአንድ ፒኤስአይ ሲያንሱ ፍጆታ የሚጨምረው 0.2 በመቶ አካባቢ ነው። ጎማን በልኩ መንፋት ከቤንዚኑ ይልቅ ለጎማው ዕድሜና ለመሪው ይበጃል። ደሴ ለሚወጣ ሰው ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ፦ ከፍታው ሲጨምር የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው ወደ አንድ ፒኤስአይ ጨምሮ ያነብባል፤ የደሴ ብርድ ደግሞ በየ5 ወይም 6 ዲግሪው አንድ ፒኤስአይ ያወርዳል። አንዱ ሌላውን ስለሚያጣፋው ኮምቦልቻ ላይ በቀዝቃዛው የተነፋ ጎማ ደሴ ላይ መነካካት አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ዳገቱ። ኮምቦልቻ 1,850፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው 24 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና ሐረጎ አለ። ከነሰውና ከነዕቃው 1,250 ኪሎ የሚመዝን መኪና 650 ሜትር ለማንሳት 8 ሜጋጁል ጉልበት ይጠይቃል። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 32 ሜጋጁል ገደማ አለ፤ ሞተር ከዚያ ውስጥ ለጎማው የሚያደርሰው ሩቡን ያህል ነው፣ የቀረው በራዲያተርና በማርሚታ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሐረጎ ለዳገትነቱ ብቻ አንድ ሊትር ያስከፍላል። ማንበቢያው ከኮምቦልቻ ደሴ መግቢያ ድረስ 2.3 ሊትር አሳየኝ፤ በሊትር 10 ከምናምን ማለት ነው፤ በሜዳ ቢሆን 1.3 በበቃው። ሻንጣ ቀንሱ የሚለው ምክር ግን እዚህ ከሚታሰበው ያነሰ ዋጋ አለው፦ አንድ ኩንታል ጤፍ ሐረጎን ለማውጣት የሚጨመረው 80 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የቡና ሲኒ ቤንዚን ነው።

ዋናው አነዳዱ ነው። ከፊታችን ሲሚንቶ የጫነ ሲኖትራክ እየተንፏቀቀ ይወጣል፤ ከኋላችን አንድ ሚኒባስ በጥሩምባ ይነዳናል። ሚኒባሱ እኛን ካለፈ በኋላ የሲኖትራኩ ጭራ ላይ ተለጥፎ ፍሬን ይይዛል፣ ይረግጣል፣ ደግሞ ይይዛል። ዳገት ላይ የተያዘ እያንዳንዱ ፍሬን እንደገና በቤንዚን ነው የሚገዛው። እኛ ሠላሳ ሜትር ያህል ርቀን፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳንነካ በአንድ ፍጥነት ተከተልነው። መንገዱ ሲከፈት የምመርጠው ማርሽ ሞተሩ ሳይንቀጠቀጥ የሚጎትትበትን ከፍተኛውን ነው፦ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ2,000 እስከ 2,500፣ ፔዳሉ ከግማሽ አለፍ ብሎ። ፔዳሉን እስከ ወለሉ መርገጥ ግን ኪሳራ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሙሉ ጉልበት የተጠየቀ ስለሚመስለው ከሚነድደው በላይ ቤንዚን ይረጫል። ደሴ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ያላት ጉልበትም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የቱንም ያህል ቢረገጥ የማይመጣ ነገር ነው።

ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ ፒያሳ በባጃጅ ተጨናንቆ ጠበቀን። የከተማው መንገድ አጭርና ሽቅብ ነው፤ ሞተር ሳይሞቅ የሚሠራ ሁለት ኪሎ ሜትር ደግሞ ከሁሉም የከፋው ፍጆታ ነው። አዲስ አበባ መብራት ላይ ቆመን እናቃጥላለን፣ ደሴዎች ዳገት ላይ በቀዝቃዛ ሞተር ያቃጥላሉ፤ እኔ የነሱን እመርጣለሁ፣ ቢያንስ ይደርሳሉ።

እዚያ ያየኋት አንዲት ኮሮላ ለብዙ ሰው ትጠቅማለች። ባለቤቷ «ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ ግን ትጠጣለች» ይላል። መካኒኩ ምንም ሳይፈታ የራዲያተሩን የላይኛውን ቱቦ በእጁ ያዘና አስነሳት። ጤነኛ ሞተር ላይ ያ ቱቦ ለደቂቃዎች ቀዝቅዞ ይቆይና ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋው ክዳን) ሲከፈት ድንገት ይሞቃል፤ የዚያች ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ በቀስ ለብ አለ። ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ተጥሏል። ቆላ ላይ «እንዳትግል» ተብሎ የሚደረግ ነው። ብዙውን ጊዜ 82 ዲግሪ ላይ የሚከፈተው ይህ ዕቃ ከሌለ በደሴ ብርድ ሞተሩ በቅጡ አይሞቅም፤ ኮምፒውተሩም ገና ጠዋት የተነሳ ስለሚመስለው ቤንዚን እንዳበዛ ይውላል። የምትግል መኪና መፍትሔዋ የተደፈነ ራዲያተር ማጠብና የማይዞር ማራገቢያ መሥራት ነው።

በኢንጀክሽን ፋንታ ካርቡሬተር ላላቸው የድሮ መኪናዎች ችግሩ ሌላ ነው። የቤንዚን ማለፊያ ቀዳዳቸው የተለካው ለዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ በደሴ ስስ አየር ድብልቁ በ15 በመቶ ያህል ይወፍራል። ምልክቱ ድብልቁን በእሳት ብልጭታ የሚያነድደው ካንዴላ ላይ ነው፤ ጫፉ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፣ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። አነስ ያለ ቀዳዳ ያስገጠመ ሰው ቆላ ከመውረዱ በፊት ይመልሰው፤ እዚያ ድብልቁ ይሳሳና ሞተሩን ያግለዋል። የአየር ፊልትሮ መደፈንም የሚጎዳው እነዚህን ነው። ኢንጀክሽን ላይ የቆሸሸ ፊልትሮ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ፍጆታውን ያን ያህል አይለውጠውም።

ማደያ ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ከፊቴ ያለው ሰው ሌሊት የተቀዳ ቤንዚን ይበዛል ብሎ ነው ማልዶ የመጣው። ቤንዚን በ10 ዲግሪ 1 በመቶ ያህል መስፋቱ እውነት ነው፤ ጋኑ ያለው ግን ከመሬት በታች ስለሆነ ቀንና ሌሊት ሙቀቱ እምብዛም አይለያይም። ሰልፉ ውስጥ ሞተር እያስነሱ አንዳንድ ሜትር መጠጋቱ ካተረፈው በላይ ይወስዳል። መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠውን፣ ከማደያው እጥፍ ሊሞላ ምንም ባልቀረው ዋጋ፣ አልገዛሁም። ውሃ ወይም ናፍጣ ቢደባለቅበት የሚጠፋው ገንዘብ የቤንዚኑ ብቻ አይሆንም።

ስንወርድ ብዙ ሹፌር በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳያስገባ፣ ይለቃታል፣ «ቆጥቤ» እያለ። ኢንጀክሽን ባለው መኪና ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆና እግር ከፔዳሉ ሲነሳና ዙሩ ከ1,500 አካባቢ በላይ ሲሆን ቤንዚኑ ጭራሽ ይቋረጣል፤ ማንበቢያዬም ሐረጎ ላይ ዜሮ ሲያሳይ ወረደ። በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቆሞ የሚወስደውን ያህል ይወስዳል። የሊትሩ ልዩነት ብዙ አይደለም፤ ዋናው ፍሬኑ ነው። ሽቅብ የተከፈለው 8 ሜጋጁል በማርሽ ካልተያዘ አብዛኛው ሸራውና ዲስኩ ላይ ሙቀት ሆኖ ያርፋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ኩርባ ላይ አይሰማም። ሞተር አጥፍቶ መውረድማ የፍሬኑን አጋዥና የመሪውን ቅለት ይዞ ስለሚሄድ አይነሳም። በየትኛው ማርሽ ወጣህ? በዚያው ውረድ።

ኮምቦልቻ ደርሰን እጄን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጋሁ፤ መንካት ያቃጥላል፣ ማስጠጋት ይበቃል። የፊት ሁለቱ ከኋላዎቹ ቢሞቁ ተፈጥሯዊ ነው፤ ግራና ቀኝ ግን እኩል መሆን አለባቸው። የእኛ የፊት ቀኙ ለብቻው ግሎ ነበር። በክሪክ ተነስቶ በእጅ ሲገፋ ግማሽ ዙር እንኳ ሳይሞላ ቆመ። ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀው ሸራው ከዲስኩ አይለቅም፤ ይህች መኪና ከአዲስ አበባ ጀምሮ ፍሬን እንደተያዘች ነው የመጣችው ማለት ነው። መካኒኩ ፒኖቹን አውጥቶ በብረት ብሩሽ ጠረጋቸው፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግሪስ ቀባቸው፣ የተቀደደውን የጎማ መሸፈኛ ለወጠው። ተራ ግሪስ ከተቀባ መሸፈኛውን አሳብጦ እንደገና ያስይዘዋል። ከነዕቃው 600 ብር ጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ ጎማው በአንድ ግፊት ሁለት ዙር ሄደ።