ደሴ ላይ ባኞ ላስገባ አላስገባ?

ቤት ልትሠሩ ካሰባችሁ የባኞን ነገር ፕላኑ ሳይጸድቅ ጨርሱት። እኔን ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ፕላኑን የሠራልን ባለሙያ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ 1.70 ሜትር በ70 ሳንቲም የሆነ ባኞ ስሎበታል። ማንም አላዘዘውም። ኮምፒውተሩ ላይ የተዘጋጀ ሥዕል አለው፣ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ይለጥፈዋል። ጅዳ ያለችው እህቴ ሥዕሉን በቴሌግራም አየችና ወደደችው። ገንዘቡን የምትልከው እሷ ናት፤ እምቢ ለማለት ሒሳብ መሥራት ነበረብኝ።

እንዲህ ያለ ባኞ ደህና አድርጎ ለመዘፍዘፍ 150 ሊትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የምንኖረው በሮቶ ነው። ሮቶው የሚይዘው 1,000 ሊትር ነው። አራት ሰው አንድ አንድ ጊዜ ከገባበት 600 ሊትር ሄደ ማለት ነው። ሙቀቱም አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳር የቧንቧ ውሃ እጅ ያደነዝዛል። 50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ውሃውን 65 ዲግሪ ቢያደርሰው እንኳ፣ 15 ዲግሪ ከሆነ ቀዝቃዛ ጋር ተቀላቅሎ ለገላ የሚሆን 100 ሊትር ቢያወጣ ነው። ባኞው ሳይሞላ ትኩሱ ያልቃል። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ እናንተ ጋ ይሞቃል፤ ሒሳቡ ትንሽ ይቀልላችኋል።

እናቴ ሒሳብ አላስፈለጋትም። ሱቅ ይዣት ሄድኩ። የባኞውን ጠርዝ በእጇ ለካችው፤ ከጉልበቷ በላይ ነው። «ልጄ፣ ይችን አጥር ዘልዬ ነው ውዱእ የማደርገው?» አለች። ሻጩ «እማማ፣ መያዣ ይገጠምለታል» አላት። ዞራም አላየችው።

ተወሰነ። ሻወር ብቻ።

ፎርማኑ «አብሽር» ብሎኝ የፍሳሽ ቱቦውን ከባኞው ቦታ ወደ ክፍሉ መሀል አዞረው። የወለሉን ኮንክሪት ልንሞላ ስንል ተቆጣጣሪው መጣ። ፕላኑን ዘረጋ፣ ሜትሩን ሳበ።

«ባኞው የታለ?»

«ትተነዋል።»

«ፕላኑ ላይ አለ።»

«አዎ፣ ግን አንፈልገውም።»

«እንግዲያው ማሻሻያ አስጸድቁ።»

ሥራው ቆመ። በጸደቀው ፕላን ሥራ መባሉን አልቃወምም። ምሰሶ ብነቅል፣ ጎረቤት ላይ መስኮት ብከፍት ያስቁመኝ። በገዛ ቤቴ ገላዬን ቆሜ ልታጠብ ስላልኩ ግን?

ማሻሻያው ራሱ አንዲት ወረቀት ናት። የሚፈርማት ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ከስብሰባ ሲወጣ መስክ ይሄዳል። ከመስክ ሲመለስ ፋይሉ መዝገብ ቤት የለም። ፋይሉ ሲገኝ አንድ ቅጂ ይጎድለዋል። እዚያ ቢሮ ሰው ሆና ያገኘኋት የመዝገብ ቤቷን ልጅ ብቻ ነው፤ ቢያንስ ወንበር ሰጠችኝ። ይህ ሁሉ ሲሆን የቤቱ ግቢ ውስጥ ያስቀመጥኩትን ሲሚንቶ የደሴ ጉም በላው። ከታች የነበሩት ከረጢቶች ድንጋይ ሆኑ። ማንን ትጠይቃለህ?

በመጨረሻ ኃላፊው ተገኘ። ባኞውን በቀይ እስክሪብቶ ከበበና «ለምን አትተወውም? ለቤቱ እኮ ደረጃ ነው» አለኝ።

«ጌታዬ፣ ውሃ የለንም።»

«ወደፊት ይመጣል።»

ዝም ስለው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን ቱቦውን በፕላኑ መሠረት ቅበር። በኋላ ባኞውን ባታስገባ ማን ያይሃል?» እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ማንም የማያይ ከሆነ ሥራዬ ለምን ቆመ? ማሻሻያዬን ይዤ ካልወጣሁ አልሄድም አልኩ። ፈረመ። ለመፈረም የወሰደበት ጊዜ ሻይ አያስጠጣም።

ስለዚህ ፕላኑ ቢሮ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ሥዕል በጣታችሁ እየነካችሁ «ይህ ምንድን ነው?» በሉ። የማትፈልጉትን አስፍቁ። ካልቆረጣችሁ ደግሞ የባኞውንም የሻወሩንም የፍሳሽ መስመር ፕላኑ ላይ አስገቡና ሁለቱንም ቱቦ ቅበሩ። ባለሙያው ብክነት ነው ይላችኋል፤ አትስሙት። ቆይቶ ኮንክሪት ከመስበር ይሻላል። የማትጠቀሙበትን ግን ጥብቅ አድርጋችሁ ክደኑ፤ ሲፎኑ፣ ማለትም ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግደው ጠማማ ቱቦ፣ ውስጥ ያለው ውሃ ሲደርቅ የጉድጓዱ ሽታ ቤት ይገባል።

ለሕፃናት ሳፋ ይበቃል። መዘፍዘፍ ላማረው ቦርከና ፍልውሃ አለለት። እህቴን ይህን ብዬ ለማሳመን ሞክሬ ስልኩን ዘጋችብኝ።

ለእናቴ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ መቀመጫ አስገነባሁላት፤ ቁጭ ብላ እግሯን ትታጠባለች። ወለሉን በሜትር 2 ሳንቲም ያህል ወደ ፍሳሹ አዘቅዝቁት፤ አለዚያ ውሃው ጥግ ጥጉን ይተኛል። ሴራሚኩንም ሻካራውን ግዙ። የሚያብለጨልጨውን ሻጩ ቢምልላችሁ እንኳ ተዉት።