ሠላሳ አምስት ዙር

የእኔ ሥራ ቡና ማስቀመስ ነው። በዓመት ስድስት ሰባት ጊዜ የጥሬ ቡና ናሙና የታጨቀበትን ሻንጣ እየጎተትኩ ከቦሌ እነሣለሁ፤ ሐምቡርግ፣ ትሪየስተ፣ ጅዳ፣ ቶኪዮ። ይህንን የሰማ ሁሉ "ታድለህ!" ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ከረገጥኳቸው ከተሞች አብዛኞቹን የማውቃቸው በሆቴል መስኮት ነው። መስኮት ካለ ማለቴ ነው። አንድ ጊዜ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ ሌሊት ገብቼ ተኛሁና፣ ጠዋት ብርሃን ላስገባ ብዬ ወፍራሙን መጋረጃ ስገልጥ ከኋላው ያገኘሁት ልሙጥ ግድግዳ ነበር። ወርጄ ስጠይቅ እንግዳ ተቀባዩ ልጅ ምንም ሳይገርመው "መጋረጃው ለውበት ነው ጌታዬ" አለኝ።

የአውሮፕላኑንም ነገር የተማርኩት በመከራ ነው። መተላለፊያው ዳር እቀመጣለሁ፤ የቀረበልኝን ሁሉ አልበላም፤ ከሁሉ በላይ ናሙናዬን ለጭነት ክፍል አልሰጥም። ይህ የመጨረሻው ልማድ የመጣው ስሙን የማልጠራው አንድ አየር መንገድ ሻንጣዬን አሳስቶ ወደ ሌላ አህጉር ከላከው ወዲህ ነው። የይርጋ ጨፌና የጉጂ ቡና ሊቀምሱ ማንኪያቸውን ይዘው በተሰለፉ ሰዎች ፊት ባዶ እጄን ቆሜ ስለ ዝናቡ አወራሁ። ሻንጣው በዘጠነኛው ቀን ቤቴ ድረስ መጣ፤ ከእኔ ይልቅ ብዙ አገር አይቷል።

ሥራው ቶሎ አልቆ አንድ ቀን ከተረፈኝ ገበያ አልወጣም። ሰው ጥሎት የሄደ ቤት ፍለጋ እሄዳለሁ። ባለቤቴ ይህንን አመል "ፍርስራሽ ማምለክ" ትለዋለች። ቤቱ ደሴት ላይ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አልችልም። ዛንዚባር አጠገብ፣ ቻንጉ በምትባለው ደሴት ላይ በ1893 ለእስር ቤት ተሠርቶ የበሽተኞች ማቆያ የሆነውን ሕንፃ አይቻለሁ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቀርጤስ ውስጥ እስከ 1957 ድረስ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይኖሩባት የነበረችውን ስፒናሎንጋንም አይቻለሁ። በልቤ የቆየችው ግን ሐሺማ ነበረች።

ሐሺማ በደቡብ ምዕራብ ጃፓን፣ ከናጋሳኪ ወደብ በጀልባ ከግማሽ ሰዓት በላይ የምታስኬድ ጭንጫ ናት። ርዝመቷ 480 ሜትር፣ ወርዷ 160 ሜትር ብቻ ነው። ከባሕሩ ወለል በታች የድንጋይ ከሰል ስለነበረ ሚትሱቢሺ በ1890 ገዛት፤ ዙሪያዋን በግንብ አጥሮ በቁፋሮ አፈርና ድንጋይ አሰፋት፤ ከዚያ ቦታ ሲያጥር ወደ ላይ መገንባት ጀመረ። በ1916 የቆመው 30 ቁጥር ሕንፃ በጃፓን ከመጀመሪያዎቹ የአርማታ መኖሪያ ፎቆች አንዱ ነው። በ1960 አካባቢ በዚያች ስንዝር መሬት ላይ ከ5,200 በላይ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ከሩቅ ስትታይ የጦር መርከብ ስለምትመስል ጃፓኖች ጉንካንጂማ ይሏታል። በጥር 1974 ማዕድኑ ተዘጋ፤ በሚያዝያ የመጨረሻው ሰው ወጣ። ከሦስት ወር ብዙም አላለፈም።

መጀመሪያ የሄድኩት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሁለት ምሽት በሆቴል ከፍዬ፣ አደጋ ቢደርስብኝ ማንንም እንደማልከስ የሚል ወረቀት ፈርሜ ተሳፈርኩ። ደሴቲቱ አፍንጫ ሥር ስንደርስ ሠራተኛው በድምፅ ማጉያ አንድ ነገር ተናገረና ጃፓናውያኑ በአንድ ላይ "አአ..." አሉ። ትርጉም አላስፈለገኝም። የሞገዱ ከፍታ ከግማሽ ሜትር፣ የነፋሱ ፍጥነት በሰከንድ ከአምስት ሜትር ካለፈ ማንም አይወርድም። ዞረናት ተመለስን። ደሴቲቱ ላይ ለመውረድ የከፈልኩትን በፖስታ አድርገው፣ በሁለት እጃቸው፣ አጎንብሰው መለሱልኝ። ለአውሮፕላኑና ለሆቴሉ የሚያጎነብስልኝ ግን አልነበረም።

ባለፈው ጥቅምት እንደገና ሞከርኩ። ከአዲስ አበባ በኢንቺዮን በኩል ናሪታ፣ ሁለት ቀን ቶኪዮ ቅምሻ፣ ከዚያ ከሐኔዳ ወደ ናጋሳኪ ሁለት ሰዓት ያህል በረራ። ያን ጊዜ ብቻ ልማዴን አፍርሼ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። የናጋሳኪ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ደሴት ላይ ነው። ኦሙራ በተባለው የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ጥቂት ገበሬዎች ይኖሩባት ከነበረች ደሴት ሰዎቹን አንሥተው፣ ኮረብታዋን ንደው፣ ባሕሩን ሞልተው በ1975 ሥራ አስጀመሩት። እዚህ አንዲት ደሴት ባዶ በቀረች በዓመቱ፣ እዚያ ሌላዋ የመንደርደሪያ አስፋልት ሆነች። ይህንን የሚናገር ጽሑፍ ሻንጣ መቀበያው አካባቢ አላየሁም፤ ያየሁት የጣፋጭ ኬክ ማስታወቂያ ነው።

ሆቴሉ ለነጋዴ መንገደኛ የተሠራ፣ ጠባብ ግን ንጹሕ ነበር። ከአልጋው ሳልነሣ በሩንም፣ ማቀዝቀዣውንም፣ መስኮቱንም (አለ!) መንካት እችላለሁ። የታጠፈ የሌሊት ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ የሻይ ማፍያ፣ አሥር ቁልፍ ያለው መጸዳጃ። ለአንድ ሰው አሥራ ሁለት ካሬ ቢሆን ነው፤ እኔም ሻንጣዬን የምከፍትበት አጣሁ ብዬ አጉረመረምኩ። ማታ ስለ 30 ቁጥር ሕንፃ ሳነብ የአንድ ቤተሰብ ክፍል ስድስት ታታሚ፣ ማለትም ስድስት የገለባ ምንጣፍ የሚያስነጥፍ፣ አሥር ካሬ የማይሞላ እንደነበረ አገኘሁ። ማብሰያው፣ መታጠቢያውና መጸዳጃው የጋራ ነው። ሻንጣዬን ዘግቼ አልጋ ሥር ከተትኩት።

ጠዋት ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ጀልባዋ በ1909 ከስኮትላንድ መጥቶ እስከ ዛሬ በሚሠራው ግዙፍ የመርከብ ጣቢያ ክሬን ሥር አልፋ ወደ ክፍት ባሕር ወጣች። አስጎብኚያችን ወደ ሰባ ዓመት የተጠጉ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። በአንገታቸው ላይ የተንጠለጠለው መታወቂያ ጃፓንኛ ስለሆነ አላነበብኩትም፤ አጠገቤ የነበረችው ወጣት በእንግሊዝኛ "እዚያ ያደጉ ናቸው" ብላ ሹክ አለችኝ።

ስንወርድ ቅር ያለኝን ልናገር፦ ሕንፃዎቹ ውስጥ መግባት አይቻልም። በብረት አጥር የተከለለ 220 ሜትር ያህል መተላለፊያ አለ፤ ሦስት ቦታ ያስቆሙሃል፤ ጃንጥላ ክልክል፣ ረጅም ተረከዝ ክልክል። ምክንያት ግን አላቸው። 30 ቁጥር ሕንፃ ከ2020 ወዲህ ወለል በወለል እየተናደ ነው። ለእኔ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጀሞ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። ሲሚንቶው ሲሰነጠቅ እርጥበት ይገባል፣ ፌሮው ይዝጋል፣ የዛገ ብረት ያብጣል፣ ያበጠው ብረት አርማታውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። የእኛን ደረጃ የሚያርሰው የጣሪያ ዝናብ ነው፤ ይህንን የመታው የውቅያኖስ ጨው ነው። ከአንዱ በረንዳ ጫፍ ላይ ፌሮው እንደ ዓሣ አጥንት ገጥጦ ቆሟል፤ ከሥሩ የእንጨት መስኮት ክፈፍ ተንጠልጥሏል፤ ነፋስ ሲነካው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን አይሰማም።

ሽማግሌው አሮጌ ፎቶግራፎች የያዘ አልበም ከፍ አድርገው እያሳዩ ያወራሉ፤ ወጣቷ የምትችለውን ታቀብለኛለች። ሠራተኛው በዚያ ደረጃ ወጥቶ በአሳንሰር ከ600 ሜትር በላይ ይወርድ ነበር፤ መቆፈሪያው ከባሕር ወለል በታች አንድ ሺሕ ሜትር ደርሷል፤ ሙቀቱ 30 ዲግሪ፣ ርጥበቱ 95 በመቶ። ሲወጣ መጀመሪያ ከነልብሱ የባሕር ውሃ ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ ለንጹሕ ውሃ የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። በ1957 በባሕር ሥር ቧንቧ እስኪዘረጋ የሚጠጣው ውሃ በመርከብ ይመጣ ነበር። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ነዋሪ እንደመሆኔ እዚህ ላይ ጆሮዬ ቆመ። ጀሪካኑን ማን ነበር የሚያወጣው? ብዙዎቹ ፎቆች ሊፍት የላቸውም። በሕንፃዎቹ መካከል ግን የሚያገናኙ ድልድዮች ስለነበሩ ዝናብ ሲዘንብ ያለ ጃንጥላ ጎረቤት መጠየቅ ይቻል ነበር። ሹማምንቱ ከአለቱ አናት፣ ነፋስና ብርሃን ባለበት፤ ተራው ሠራተኛ ከታች፣ ማዕበል መስኮቱን በሚያጥብበት።

አንድ ነገር ሳይነሣ ቀረ። በጦርነቱ ዓመታት ኮሪያውያንና ቻይናውያን በግዳጅ መጥተው በዚያ ጉድጓድ ሠርተዋል። ደሴቲቱ በ2015 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ደቡብ ኮሪያ የተቃወመችው በዚህ ነው፤ ጃፓን ታሪኩን በሚገባ አለመናገሯንም የቅርስ ኮሚቴው በ2021 በብርቱ ነቅፏል። ይህንኑ በስልኬ መተርጎሚያ ጽፌ ለሽማግሌው አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። "እኔ የተወለድኩት በ1956 ነው" አሉ። ትንሽ ዝም ብለው "አውቃለሁ" ብለው ጨመሩ። ከዚያ ስልኬን መልሰው ሰጡኝ። እኔ ብሆን በአደባባይ እናገረው ነበር ብዬ አሰብኩ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ወደ ጀልባዋ ስንመለስ ወደ እኔ ቀረብ አሉና ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ።

"ኢትዮጵያ።"

ቆሙ። "አበበ!" አሉ፤ "በ"ዋን እንደ እኛው አጥብቀው። ጃፓን ውስጥ ይህ ስም ሲጠራልኝ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ከስልሳ በላይ የሆነ የታክሲ ሹፌር ሁሉ ይጠራዋል። እሳቸው ግን በዚያ አላቆሙም። አልበሙን በብብታቸው ይዘው፣ በሁለት እጃቸው ከመጨረሻው መስመር በኋላ አበበ ቢቂላ ሣሩ ላይ የሠራውን ማፍታቻ ሠሩልኝ፤ እግር ወደ ላይ፣ ጣት ወደ እግር። ከዚያ ሩቅ ያለውን ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ አመለከቱኝና ስልኬን ተቀብለው ረጅም ነገር ተናገሩበት። መተርጎሚያው ቆራርጦ ያወጣውን እኔ እንደሚከተለው ገጣጥሜዋለሁ።

ጥቅምት 1964 ነው፤ ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው። በነሐሴ ጉድጓዱ ውስጥ እሳት ተነሥቶ የሥራው ቦታ በውሃ ተጥለቅልቋል፤ ብዙ ጎረቤቶች ዕቃቸውን ጭነው ሄደዋል፤ ኮሪደሩ ጸጥ ብሏል። ቴሌቪዥን ግን በየቤቱ አለ፤ በዚያ ዘመን ከዋናው መሬት ሰው ይልቅ የደሴቲቱ ሠራተኛ የተሻለ ያገኝ ነበር። በአንድ ክፍል አሥራ አንድ ሰው ተጠጋግቶ የቶኪዮ ኦሎምፒክን ማራቶን አየ። አበበ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ገና ሁለት ወር እንዳልሞላው ተናጋሪው ደጋግሞ ይናገራል። በማግስቱ በትምህርት ቤት የሒሳብ መምህሩ ጠየቁ፦ የደሴታችን ዙሪያ 1.2 ኪሎ ሜትር ነው፤ አበበ የሮጠው ስንት ዙር ይሆናል? ሠላሳ አምስት፣ ትንሽ ፈቀቅ ያለ። ከትምህርት በኋላ ልጆቹ ሮም ላይ በባዶ እግሩ መሮጡን ስለሰሙ ጫማቸውን አውልቀው ጀመሩ። ዙሪያውን የሚያስኬድ ደኅና መንገድ ስላልነበረ በደረጃ፣ በኮሪደር፣ በግንቡ ሥር እየተሽሎኮሎኩ ነው።

"ስንት ዙር?" አልኳቸው በጣቴ።

ሦስት ጣት አወጡ። ከዚያ አንዷን አጠፉ።

ከቦርሳዬ የተረፈኝን የተቆላ ሲዳማ ቡና አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከረጢቷን አሽትተው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጀልባዋ እስክትነሣ አልገለጧቸውም ማለት ይቻላል። መቀመጫዬ ላይ ሆኜ ወደ ኋላ ሳይ ያ የአርማታ ክምር መርከብ መምሰሉን ትቶ ነበር። ዘጠነኛ ፎቅ፣ በስተግራ፣ ሦስተኛው መስኮት የማን እንደሆነ አውቃለሁ።

አዲስ አበባ የገባሁት ቅዳሜ ማለዳ ነው። የውሃ ተራችን ስለነበረ ሻንጣዬን ሳልፈታ ጀሪካን አነሣሁ። አራተኛ ፎቅ ሁለቴ ወጥቼ ወረድኩ፤ ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጊቢያችንን በእርምጃ መለካት ጀመርኩ። በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በኩል፣ በልብስ ማስጫው ሥር፣ በጥበቃው ቤት። ምድር ቤት ያሉት እማማ ቡና እያጠቡ በበሩ ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው ነበር።

"ምን ጠፍቶህ ነው ልጄ? ቁልፍ ነው?"

"አይ እማማ፣ እየቆጠርኩ ነው።"

"ምኑን?"

አራት መቶ አስራ ሁለት ላይ ነበርኩ፤ ጠፋብኝ። እንደገና ከበሩ ጀመርኩ። የጎረቤት ልጆች ሁለቱ መጥተው ከኋላዬ ተሰለፉ፤ ትንሹ ጫማ አልነበረውም።