ለኢላማ ተኩስ ውድድር ሜዳ ስመርጥ የተማርኩት

የምኖረው ለንደን ነው። ክለባችን ሦስት የውጭ ቡድኖችን ለ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር ሲጋብዝ ሜዳ የመምረጡን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ግን መጀመሪያ ላይ ያየሁት መኪና ማቆሚያውን፣ መጸዳጃ ቤቱንና ለባቡር ያለውን ቅርበት ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ሜዳ ይህን ሁሉ ያሟላ ነው። ጠዋት አየነው፣ ወደድነው፣ ተስማማን። በኋላ ለሙከራ ከሰዓት ሄድን። በሆዴ ተኝቼ በማነጣጠሪያው ቀዳዳ ሳይ ፀሐይዋ ፊት ለፊቴ ናት። የጥቁሩ ክብ ጠርዝ ቀልጦብኝ የቱ ጋ እንደሚያልቅ አይለይም። በዚህ ኢላማ 10 ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ስፋቱ 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ዓይን ትንሽ ከተወናበደ አለቀ። የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ፀሐይ በተቻለ መጠን ከተኳሹ ጀርባ ትሁን ይላል፤ እዚህ አገር ይህ ማለት ወደ ሰሜን መተኮስ ነው። ኮምፓሱ ስልኬ ላይ ነበር። አለማየቴ ሁለት ወር በላብን።

ሁለተኛው ወደ ሰሜን የሚያይ አሮጌ ሜዳ ነው። ከኢላማዎቹ ኋላ ያለውን የአፈር ክምር ግን ዝናብ ሸርሽሮታል። በእጄ ጫር ሳደርገው ባቄላ የሚያካክሉ፣ ድፍጥጥ ያሉ የእርሳስ ጥይቶች ወጡ። ከሥሩ ያለው ቦይ ደግሞ ወደ ጎረቤት ግጦሽ ይወርዳል። እርሳስ መርዝ ነው፤ ይህን አይቶ ማለፍ አልቻልኩም። ብርዱን ወራት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አካፋ ይዘን እየሄድን አፈሩን በወንፊት ነፋን፣ እርሳሱን ለይተን አስወገድን፣ ክምሩ ላይ ሣር ተከልን፣ ቦዩንም አዞርነው።

አዲስ ጊዜያዊ ሜዳ መሥራት ይቀላል ያሉኝ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2012ቱ ኦሊምፒክ እዚሁ ለንደን፣ ዎልዊች የጦር ሰፈር ግቢ ውስጥ፣ ባለ ቀለም ክቦች ያሉባቸው ነጭ አዳራሾች ለተኩስ ተሠርተው ነበር። ያምሩ ነበር። ውድድሩ ሲያልቅ ፈረሱ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከለንደን ወጣ ብሎ ያለው የቢዝሊ የተኩስ ሜዳ ግን ከ1890 ጀምሮ አለ፤ የ2002ቱ የማንችስተር ኮመንዌልዝ ጨዋታ ተኩስም እዚያ ተካሂዷል። ተኳሾቹ ወደዚያ የተዛወሩት ከዊምብልደን ነው፣ ለንደን እየሰፋች ቤቱ ሁሉ ሲጠጋቸው።

የእኛም ሜዳ አጠገብ የቤት ግንባታ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ያኔውኑ ለአካባቢው ምክር ቤት ጻፍኩ። የእንግሊዝ የግንባታ ፖሊሲ፣ አዲስ ቤት መጣ ተብሎ ቀድሞ የነበረ የስፖርት ክለብ ላይ ያለአግባብ ገደብ እንዳይጣል ይላል፤ የድምፁን ነገር ማስተካከል ያለበት አዲስ የሚገነባው ነው። ይህን ብዙ ክለብ አያውቀውም፤ ቤቱ ተሠርቶ፣ ሰው ገብቶ፣ አቤቱታ ከመጣ በኋላ ነው የሚሯሯጠው። እናንተ ማስታወቂያው እንደተለጠፈ ጻፉ።

ውድድሩ ሁለት ቀን ቆየ። በማግስቱ ማታ የሠፈሩ ታዳጊዎች ለልምምድ ሲመጡ ንፋሱን የሚያሳዩትን ባንዲራዎች ገና አልነቀልናቸውም ነበር። እዚያው ተዉልን አሉን።