የእንጨት ዳክዬ ቀለም ሲመረመር

በአሜሪካ የምሥራቅ ጠረፍ ያለው የቼሳፒክ ወሽመጥ አዳኞች የዱር ዳክዬን ለማማለል ውኃ ላይ ያንሳፍፏቸው የነበሩትን፣ ዲኮይ የሚባሉ በእጅ የተጠረቡ አሮጌ የእንጨት ዳክዬዎች እሰበስባለሁ። ሻጩ «ቀለሙ የመጀመሪያው ነው» ሲለኝ ቃሉን ከማመን አልፌ ራሴ መርምሬ መለየት በመቻሌ፣ የደረስኩበትን ለእናንተም ለማካፈል ወደድኩ።

የአካባቢውን አሠራር የለመድኩት፣ ሜሪላንድ ስለምኖር፣ ሃቨር ዲ ግሬስ ከተማ ካለው የዲኮይ ሙዚየም ነው። ከስስኮሃና ወንዝ አፍ አካባቢ የሚገኙት ሆዳቸው ክብ፣ ዓይናቸውም ብዙውን ጊዜ በቀለም የተሳለ ነው። በክሪስፊልድ ከተማ የኖሩት ፀጉር አስተካካዮችና ስመ ጥር ዲኮይ ጠራቢዎች ሌምና ስቲቭ ዋርድ የሠሯቸው ግን ለእኔ ኪስ አይቀመሱም።

ፈተናው ቀለሙ ነው። ዲኮይ የሥራ ዕቃ ስለነበረ፣ በዚያ አካባቢም በመቶ የሚቆጠር በአንድ ጊዜ ይንሳፈፍ ስለነበረ፣ አዳኙ ቀለሙ በለቀቀ ቁጥር ደግሞ ይቀባው ነበር። እኔ መጀመሪያ የማየው የእንጨቱን ስንጥቅ ነው፤ ቀለም ወደ ውስጥ ዘልቆ ከገባ የተቀባው እንጨቱ ከተሰነጠቀ በኋላ ነውና። ቀጥሎ ውኃ ላይ እንዳይገለበጥ ሆዱ ላይ በተመታው የእርሳስ ብረት ክብደት ዙሪያ የተላጠ ቦታ ፈልጌ ንብርብሩን በማጉያ መነጽር እመለከታለሁ። እውነተኛ መፋቅ የሚታየው እጅና ገመድ በሚነካቸው በመንቁሩ ጫፍ፣ በአናቱና በጭራው ላይ ሲሆን፣ አገጩ ሥር ያለው ጎድጓዳ ቦታም እኩል ተፍቆ ካገኘሁት ያረጀ ለማስመሰል የተደረገ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። የአልትራቫዮሌት መብራት በአንገቱ መጋጠሚያ ላይ ያለን አዲስ ጥገና ያጋልጣል፤ የጥንት አዳኝ የደረበውን ቀለም ለመለየት ግን ብዙም አልጠቀመኝም።

የላይኛውን ቀለም በኬሚካል አንሥቶ የታችኛውን ማውጣት የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ኬሚካሉ የላይኛውን ከታችኛው አይለይምና። እውነቱን ለመናገር፣ አዳኝ ራሱ የደረበበትን ሻካራ ቀለም ካልተነካው ከመጀመሪያው ቀለም ይልቅ እወደዋለሁ፤ ዋጋው መርከሱም ሳይረዳኝ አልቀረም። መልሶ ለመሸጥ ለሚገዛ ሰው ግን ይህ ምርጫ አያዋጣም፤ በ2007 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የማሳቹሴትሱ ዲኮይ ጠራቢ የኤልመር ክሮዌል ሁለት ዲኮዮች እያንዳንዳቸው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሸጡ፣ የመጀመሪያው ቀለማቸው ሳይነካ መቆየቱ ለዋጋቸው ትልቅ ድርሻ ነበረው።

በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል በምንም ምክንያት አትፈግፍጉት፤ ከነካችሁት በኋላም እጃችሁን ታጠቡ።