ደሴን ከጎን መሳል

በመልክዓ ምድር ንድፍ ትምህርታችን የዚህ ሴሚስተር የስቱዲዮ (የንድፍ ልምምድ) ሥራችን ከጦሳ ተራራ ተዳፋት ተነሥቶ በሰፈር መካከል አልፎ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚወርድ አንድ ቦረቦር ነው። የተሰጠን መመሪያ አጭር ነው፤ ቦታውን አጥንታችሁ ለሰፈሩ ሰው የሚጠቅም አረንጓዴ ስፍራ ንደፉ ይላል። ከክፍሌ ተማሪዎች አብዛኞቹ ሥራውን የጀመሩት ከላይ ሆኖ በሚታየው ፕላን ነበር። እኔ ከሴክሽን ለመጀመር መረጥሁ፤ ይህን ማስታወሻ የምጽፈውም ያ ምርጫ ስለ ደሴና ስለ ወሎ መሬት ያሳየኝ ነገር ሳይደበዝዝብኝ ለማስቀመጥ ነው።

ሴክሽን መሬቱን በአንድ መስመር ቆርጦ ከጎን የሚያሳይ ሥዕል ነው። ሜዳ ላይ ለተቆረቆረ ከተማ ፕላን ብዙውን ነገር ይናገር ይሆናል፤ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ለተቀመጠችው ለደሴ ግን ዋናውን ነገር ይሸፍናል። በፕላን ላይ ጎን ለጎን የተሠሩ የሚመስሉ ሁለት ቤቶች በሴክሽን ሲታዩ የላይኛው ወለል ከታችኛው ጣሪያ ጋር እኩል ሆኖ ይገኛል። የምንሠራበት ካርታ መስፈርቱ 1፡500 ሲሆን እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በሚያገናኙት የኮንቱር መስመሮች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 2 ሜትር ነው። በቦረቦሩ አፋፍ በኩል የሁለት መስመሮችን ርቀት በማስመሪያ ስለካው 8 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ይህም መሬት ላይ 4 ሜትር ማለት ነው። በ4 ሜትር አግድም 2 ሜትር የሚወርድ መሬት 50 ከመቶ ተዳፋት አለው፤ ጀሪካን ተሸክማ በየቀኑ የምትወጣው ሴት ግን ይህን ለማወቅ ስሌት አያስፈልጋትም።

ተዳፋቱን ካወቅሁ በኋላ ወደ ውኃው ሄድሁ። በአንድ ሄክታር መሬት ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል የሚወርደው ውኃ 100 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 100,000 ሊትር ነው። ሣርና ቁጥቋጦ ያለበት መሬት ከዚህ ብዙውን ይመጠዋል፤ 60 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ ግን ከዚያው ዝናብ የሚደርሰውን 600 ሊትር ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጓሮ ይለቅቀዋል። ከጎን ወደ ጎን የተደረደሩት ጣሪያዎች ውኃቸውን ሁሉ ወደ አንድ ቦይ ሲያወርዱ ቦረቦሩ ለምን በየዓመቱ እየሰፋ ወደ ቤቶቹ መሠረት እንደሚጠጋ ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ውኃው ደግሞ እዚያ አይቆምም። ደሴ በግምት 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ በግምት 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ቦርከና ይህን ሁሉ ቁልቁለት በዶሮ መዝለያ ገደል በኩል ወርዶ የጫነውን አፈር ሜዳው ላይ ያራግፋል። ስለዚህ የአንድ ሰፈር ቦረቦር ጉዳይ የኮምቦልቻም ጉዳይ ነው።

ከቦረቦሩ ራስ በላይ፣ ከተማው አልቆ እርሻ በሚጀምርበት ቦታ፣ አንድ ሽማግሌ የፈረሰ የእርከን ካብ ሲጠግኑ አገኘኋቸውና ረዘም ላለ ጊዜ አጠገባቸው ቆሜ ሣልሁ። መጀመሪያ መሠረቱን እስከ ጠንካራው አፈር ቆፈሩ፤ ከዚያ ትልልቆቹን ድንጋዮች ከታች አስቀመጡ። በላይ የሚመጣው እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥሩ ያሉትን የሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ እንዲሸፍን አድርገው ያሳርፉታል፤ ካልረጋ አንሥተው አዙረው እንደገና ያስቀምጡታል። ከካቡ ጀርባ ጠጠር ይሞላሉ። የካቡ ፊት ወደ ተራራው ትንሽ ማዘንበሉን አይቼ፣ «አባባ፣ ለምን ቀጥ አያደርጉትም?» አልኋቸው።

«አፈር በክረምት ይከብዳል ልጄ። ቀጥ ካልሁት ገፍቶ ይጥለዋል፤ እንዲህ ወደ ኋላ ካስደገፍሁት እርስ በርሱ ይያዛል።»

«ውኃውስ በድንጋዩ መሐል አያልፍም?»

«ይለፍ እንጂ! ውኃ ከታገደ ካቡን ይዞት ይሄዳል። እኔ የምፈልገው አፈሬን ነው። አንቺ አብሽሪ፣ ውኃው መንገዱን አያጣም።»

ስለ ድጋፍ ግድግዳ በክፍል የተማርነው ትምህርት ይኸው ነው፤ ክብደት፣ ወደ ኋላ ማዘንበል፣ ከጀርባ ውኃ ማሳለፊያ ጠጠር። በከተማው ውስጥ ሆዳቸው ተነፍቶ የተሰነጠቁ፣ አንድም የውኃ መውጫ ቀዳዳ ያልተተወላቸው የሲሚንቶ ግድግዳዎች ሳይ የሽማግሌው ካብ የበለጠ የተጠና ሥራ መሆኑን ለመናገር አላመነታም። ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ በወሎ ተራሮች ላይ በምግብ ለሥራም ሆነ በሕዝብ ጉልበት የተሠራው እርከን፣ ከሰውና ከከብት ንክኪ የተከለለው ተዳፋት፣ ዛሬም ከጥር ወር ጀምሮ በየቀበሌው የሚወጣው የተፋሰስ ዘመቻ ሁሉ የመልክዓ ምድር ንድፍ ሥራ ነው። ይህ ሥራ በትምህርታችን ውስጥ ከዚህ የሰፋ ቦታ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስል ከሌላ አገር የምንማረውን ማቃለሌ አይደለም። የፓርክ ነዳፊዎቹ ኦልምስቴድና ቮክስ በ1858 እ.ኤ.አ. ለኒውዮርኩ ሴንትራል ፓርክ ባሸነፉበት ንድፍ የከተማው ጋሪዎች ፓርኩን የሚያቋርጡባቸው አራት መንገዶች ከመሬቱ ወለል ዝቅ ብለው እንዲያልፉ አድርገዋል፤ በዚህም ምክንያት በእግሩ የሚንሸራሸረው ሰው ትራፊኩን ሳያይ ከላይ ይሻገራል። ያን ንድፍ የወደድሁት ችግሩ የተፈታው በከፍታ ልዩነት፣ ማለትም በሴክሽን፣ ስለሆነ ነው።

በሴሚስተሩ አጋማሽ ወደ ሐይቅ ለጥናት ወጥተን ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት ላይ የነበረ ሲሆን ዛሬ ቦታው በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ተያይዟል። በገዳሙ ሥርዓት ሴቶች ወደ ውስጥ ስለማይገቡ እኔ ከዳር ሆኜ ከኮረብታው ጫፍ እስከ ውኃው ድረስ ያለውን የዛፍ፣ የሸምበቆና የጭቃ እርከን ሣልሁ። ሐይቁ በወንዝ ወጥቶ የሚሄድ መፍሰሻ የለውም፤ ከፍ ብሎ ያለው አርዲቦ ሐይቅም በአንከርከሃ ወንዝ ወደ እርሱ ይፈስሳል። ከዙሪያው ተራራ የታጠበ አፈር ሁሉ እዚያው ይቀራል ማለት ነው።

ከንድፉ ጎን ለጎን የራሴን የሥዕል ሙከራ ይዣለሁ። ከቦረቦሩ አናት፣ ከመካከሉና ከግርጌው አፈር አምጥቼ በሻይ ማጥለያ ነፋሁት፤ ከዚያም በኮላ ለውሼ እያንዳንዱን አፈር በወረቀቱ ላይ በተገኘበት ከፍታ ቀባሁት። ከላይ ያለው ቀይ፣ የመካከሉ ግራጫ፣ የግርጌው ጥቁር ዋልካ ነው። ሲደርቅ ቀዩ እንደተቀባ ሲቀር ዋልካው እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጠቀ። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር አፈር መሆኑን ከመጽሐፍ አውቄው ነበር፤ በወረቀቴ ላይ ሲሆን ግን በግርጌው ያቀድሁትን የድንጋይ ንጣፍ አንሥቼ ሣር እንድተካበት አደረገኝ።

ንድፉ አሁን ቀለል ብሏል። በቦረቦሩ ወለል ላይ 1 ሜትር ቁመት ያላቸው የድንጋይ ክትሮች ይደረደራሉ፤ የወለሉ ተዳፋት 10 ከመቶ በሆነበት ቦታ በየ10 ሜትሩ ይሆናሉ፤ ምክንያቱም የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል ሲሆን ውኃው በመካከላቸው ፍጥነት አያገኝም። የክትሮቹ ዳር የሰፈሩ ሰው የሚወጣበትና የሚወርድበት የድንጋይ ደረጃ ይሆናል። ከዳርና ከዳር ሰንሰልና ቅትክታ፣ ከፍ ብሎ ወይራና ጽድ፣ ወለሉ ላይ ሰርዶ መርጫለሁ። በበጋ ቀን በቀን ውኃ ካልጠጣ የሚሞት ጌጠኛ ሣርና ዘንባባ፣ ሰው ለመጠጥ ወረፋ በሚይዝበት ሰፈር መትከል ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም። ባሕር ዛፍን በተመለከተ የሚሰነዘረውን ውግዘት ሙሉ በሙሉ አልጋራም፤ ቤት የሚሠራበትና እንጀራ የሚጋገርበት እንጨት ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። ነገር ግን ቦታው የቦረቦር አፋፍ አይደለም።

በመካከለኛው ግምገማ ከመምህራኑ አንዱ፣ «ክትሩ በደለል ሲሞላ ማን ይጠርገዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ እስካሁን የማስበው ይህን ነው። የደረስሁበት መልስ ደለሉ እንዳይጠረግ ነው፤ የሞላው ክትር ራሱ ጠባብ እርከን ስለሚሆን የሰፈሩ ሰው ጌሾ ወይም ጎመን ይተክልበታል፤ በላዩም አንድ ረድፍ ድንጋይ ይጨመርበታል። ለዚህም ከሴክሽኑ ሥር የሥራ ወቅት ሰሌዳ እየሣልሁ ነው፤ በጥር ከበልግ ዝናብ በፊት ካቡ ይጠገናል፤ በሰኔ መጀመሪያ ችግኙ ለክረምቱ ይደርሳል፤ በጥቅምት መሬቱ ሲጠጥር የእያንዳንዱ ክትር ደለል ቁመት ተለክቶ የሚቀጥለው ረድፍ ይወሰናል። ለመጨረሻው ግምገማ ፕላኑን በትንሽ ወረቀት፣ ይህን ሴክሽን ከነሰሌዳው በትልቁ አቀርባለሁ።