ሚሞሪ ካርዱ ውስጥ የተገኘው ቡድን

ባለፈው ክረምት፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ከላይ እስከ ታች በሸፈነበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ለረጅም ዓመታት ጌም ቤት የነበራቸው፣ እኛ የሰፈር ልጆች «ጋሼ» ብቻ ብለን የምንጠራቸው ሰው ቤታቸው አስጠርተውኝ አንድ ካርቶን አስረከቡኝ። በካርቶኑ ውስጥ ገመዳቸው የተላላጠ አራት ጆይስቲኮች፣ በላስቲክ የተጠቀለሉ 58 ዲስኮችና አንድ የፕሌይስቴሽን 2 ጌም ማጫወቻ ሚሞሪ ካርድ (ተጫዋቹ ጌሙ ውስጥ የሠራውን የሚያስቀምጥበት ትንሽ ካርድ) ነበሩ። ማሽኖቹና ቴሌቪዥኖቹ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወራት ከቤቱ ከወጡ በኋላ የደረሱበት አልታወቀም፤ ካርቶኑ የተረፈው አልጋ ሥር ተገፍቶ ስለነበረ ነው። «ይህ ለምን ይሆንሃል ልጄ?» ብለው ሲጠይቁኝ ያን ዕለት የረባ መልስ አልሰጠኋቸውም። መልሱን ያገኘሁት ካርዱን ከከፈትኩት በኋላ ነው።

ያ ቤት ከመንገድ ዳር በቆርቆሮ የተከፈለ አንድ ክፍል ሲሆን፣ በውስጡ ሦስት ቴሌቪዥኖችና ሁለት አግዳሚ ወንበሮች፣ በረንዳው ላይ ደግሞ አንድ ጆተኒ ነበረው። የምንጫወተው ከሞላ ጎደል አንድ ጌም ነበር፦ የጃፓኑ ኮናሚ የሚያሳትመውን፣ በጃፓን «ዊኒንግ ኢለቨን»፣ በአውሮፓ ደግሞ «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር» የሚባለውን የእግር ኳስ ጌም። የዲስኩ ሽፋን የፈለገውን ቢል እኛ «ዊኒንግ» እንለው ነበር። ክፍያው በጨዋታ ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ አይነሳም። ኢንተር ሚላንን መምረጥ ክልክል ነበር፤ ምክንያቱም የብራዚላዊው አድሪያኖ የግራ እግር ምት ከሩቅ ተለቅቆ መረብ ውስጥ ሲያርፍ፣ ተሸናፊው «ይህ ጨዋታ አይደለም» ብሎ አልከፍልም ስለሚል፣ ጋሼ ጠቡን ከምንጩ ለማድረቅ ሲሉ ቡድኑን ከምርጫ አውጥተውት ነበር። መብራት ከእረፍት በፊት ከሄደ ጨዋታው እንዳልተጀመረ ይቆጠራል፤ ከእረፍት በኋላ ከሄደ በጎል የሚመራው አሸንፏል፤ እኩል ከነበሩ ሒሳቡን ይካፈላሉ። ሰኞ ገበያ በኩል በነበረው ሌላ ቤት ግን መብራት በየትኛውም ደቂቃ ቢሄድ ሁለቱም ይከፍሉ ነበር፤ ኮምቦልቻ ዘመድ ጥየቃ ስወርድ እጫወትበት በነበረው ቤት ደግሞ ክፍያው በግማሽ ሰዓት ስለነበረ የመብራቱ ጥያቄ ከነጭራሹ አይነሳም። እነዚህን ደንቦች እስካሁን ተጽፈው ያየሁበት ቦታ የለም።

የቪዲዮ ጌም ታሪክን የማቆየት ሥራ በሌላው ዓለም የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ለሕዝብ የለቀቀው ማሜ የተባለው ፕሮግራም፣ በየመጫወቻ አዳራሹ የነበሩ አሮጌ ማሽኖች እንዴት ይሠሩ እንደነበር በኮድ መልክ መዝግቦ ማቆየትን ዋና ዓላማው አድርጎ፣ ጌሞቹን መጫወት መቻልን እንደ ተጨማሪ ጥቅም የሚቆጥር ነው። በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ የሚገኘው ስትሮንግ የጨዋታ ሙዚየም ማሽኖችን፣ ሣጥኖችንና የሠሪዎቹን ወረቀቶች ይሰበስባል። ይህ ሁሉ ጥረት እያለም እንኳ፣ የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ለገበያ ከቀረቡት ጌሞች 87 በመቶ ያህሉ ዛሬ በሕጋዊ ገበያ እንደማይገኙ አሳይቷል። የሠሩት ሰዎች በሕይወት እያሉ፣ የሸጡት ኩባንያዎች ሥራቸውን እየሠሩ፣ ከአሥር ጌሞች ዘጠኙ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው ከመደርደሪያ ጠፍተዋል ማለት ነው።

የእኛ ጉዳይ ከዚህም የከፋ መሆኑን የተረዳሁት ዲስኮቹን በኮምፒውተር ማንበብ ስጀምር ነው። ሬደምፕ የተባለው በበጎ ፈቃደኞች የሚመራ መዝገብ እያንዳንዱን ዲስክ ሙሉ በሙሉ ገልብጦ፣ ከቅጂው የሚሰላውን መለያ ቁጥር በተለያዩ አገሮች ያሉ ሰዎች ካወጡት ጋር ያመሳክራል፤ አንዲት ቢት እንኳ ብትለወጥ ቁጥሩ ስለሚለያይ ስሕተት ተደብቆ አይቀርም። ነገር ግን መዝገቡ የሚያተኩረው በፋብሪካ በታተሙ ዲስኮች ላይ ሲሆን፣ ደሴ የገቡት ዲስኮች ከሞላ ጎደል ሁሉም በኮምፒውተር የተቃጠሉ ቅጂዎች ነበሩ። ልዩነቱ የሕግ ብቻ አይደለም። በፋብሪካ የታተመ ዲስክ መረጃው በፕላስቲኩ ላይ በተቀረጹ ጥቃቅን ጉድጓዶች የተቀመጠ ሲሆን፣ የተቃጠለው ግን መረጃውን የሚይዘው በብርሃንና በሙቀት በሚበላሽ ቀለም ላይ ነው። ከ58ቱ ዲስኮች እስከ መጨረሻው የተነበቡልኝ 31 ብቻ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ በሽፋናቸው ላይ በእስክሪብቶ የአዲስ የውድድር ዘመን ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው ሲሆኑ፣ ሲከፈቱ ያው አሮጌው ዊኒንግ ሆኖ ተጫዋቾቹ ወደ አዲሱ ክለባቸው ተዛውረው፣ ማሊያውም ተቀይሮ ይገኛል። በብራዚል «ቦምባ ፓች» በሚል ስም የታወቀው ከዚሁ ጌም እየተሻሻለ የወጣ ሥራ ዛሬ የራሱ ዝና አለው። እኛ ዘንድ የደረሱትን ማን እንዳስተካከላቸው፣ በየትኛው ከተማ እንደተባዙ፣ በማን ሻንጣ ሐረጎን አቋርጠው ደሴ እንደገቡ የሚናገር አንድም መስመር ጽሑፍ አልተገኘም።

ወደ ካርዱ ልመለስ። የፕሌይስቴሽን 2 ሚሞሪ ካርድ 8 ሜጋባይት ብቻ የሚይዝ ነው፤ ዛሬ በስልካችን ከምናነሳቸው ፎቶግራፎች ሁለቱን ወይም ሦስቱን ቢይዝ ነው። ከኮምቦልቻ በተዋስኩት ማሽን ይዘቱን ወደ ፍላሽ ገልብጬ፣ ፒ.ሲ.ኤስ.ኤክስ.2 በተባለው የፕሌይስቴሽን 2 አስመሳይ ፕሮግራም ከፈትኩት። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ፔስ 6 (ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6) ውስጥ ኮናሚ የጀርመንን ቡንደስሊጋ ፈቃድ ስላላገኘ፣ በሊጉ ቦታ ከፊደል በቀር ስም የሌላቸው ባዶ ቡድኖች አስቀምጦ ነበር። ከእነዚህ ባዶ ቡድኖች አንዱ በላቲን ፊደል የሰፈራችን ስም ተሰጥቶታል። ተጫዋቾቹ እኛ ነን። የአንዱ ቁመት ተቆርጧል፣ የሌላው ፀጉር ጎፍሯል፣ ኳስ መንካት የማይችለው ልጅ በተከላካይ ቦታ ከፍተኛ የጉልበት ነጥብ ተሰጥቶታል። ከጎኑ ባለው ቡድን ደግሞ ኢትዮጵያ ተጽፋለች፤ ሳላዲን ሰኢድና አዳነ ግርማ በአጥቂ መስመር ተሰልፈዋል።

የፋይሉ ቀን ግን ከእውነት የራቀ ነበር፤ የማሽኑን ሰዓት የምታስኬደው ትንሿ ባትሪ ስትሞት ማሽኑ ትክክለኛውን ቀን ስለማያውቅ፣ በካርዱ ላይ የሚጽፈውም የተሳሳተ ይሆናል። ስለዚህ ዘመኑን ከይዘቱ መፈለግ ነበረብኝ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በጥር 2005 ዓ.ም. ነበር፤ አዳነ በዛምቢያ ላይ ያገባት የአቻነት ጎል ደሴን እንዴት እንዳስጮኸቻት አልረሳውም። በካርዱ ላይ ያለው አሰላለፍ ከዚያ ውድድር ቡድን ጋር የሚገጥም በመሆኑ፣ ፋይሉ በመጨረሻ የተነካው በዚያው ጊዜ ወይም ብዙም ሳይቆይ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ልጅ፣ ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም፣ የአገሩን ቡድንና የሰፈሩን ቡድን በአንድ ሊግ ውስጥ ሊያጋጥም ስም በስም፣ ፊደል በፊደል በጆይስቲክ እየለቀመ ጽፏል። ይህ ሥራ በሮቸስተርም ሆነ በቶኪዮ ሊገኝ አይችልም። ያለው እዚህ ነው፤ የነበረውም አልጋ ሥር ነው።

ይህን ሁሉ እንዴት መመዝገብ እንዳለብኝ ሳስብ ትዝ ያለኝ ገበጣ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣና ስለ ተዛማጅ ጨዋታዎች ባሳተሙት ሰፊ ጥናት የጉድጓዶቹን ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ በየአካባቢው ጨዋታው ምን እንደሚባል፣ ጠጠሩ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደሚዞር፣ ምን ሲሆን እንደሚበላ ጭምር አስፍረዋል። የገበጣ ሰሌዳ በሙዚየም ብቻ ቢቀመጥ ጉድጓድ ያለው እንጨት ነው፤ ጨዋታ የሚያደርገው ደንቡ ነው። እኔም በዚሁ መንገድ ለእያንዳንዱ ጌም ቤት አንድ ገጽ ከፍቼ፣ የት እንደነበረ፣ በየትኞቹ ዓመታት እንደሠራ፣ ስንት ማሽን እንደነበረው፣ ክፍያው በጨዋታ ይሁን በሰዓት፣ መብራት ሲሄድ ምን ይደረግ እንደነበር፣ ምን ምን ቃል ይነገር እንደነበር እየጻፍኩ ነው። ባለቤቶቹ ፈቃደኛ ሲሆኑ ድምፃቸውን እቀዳለሁ። የዲስኮቹን ቅጂ የባለመብት ጉዳይ ስላለበት ለማንም አላሰራጭም፤ ቅጂውን በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች፣ አንዱን ደሴ አንዱን ኮምቦልቻ አስቀምጫለሁ። ዲስኮቹ ራሳቸው ግን ደሴ ይቆያሉ፤ የኮምቦልቻ ሙቀት አይስማማቸውም፤ የደሴ እርጥበትም ሻጋታ ስለሚያመጣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ አድርጌያቸዋለሁ።

አሁን ያለው ትውልድ የሚጫወተው በስልክ በመሆኑ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። የዊኒንግ ወራሽ የሆነው ኢፉትቦል ከኢንተርኔት የሚወርድና በየጊዜው ራሱን የሚያድስ ስለሆነ፣ የአምናው ቅርጽ ዘንድሮ የለም፤ ከአልጋ ሥር የሚገኝ ካርቶን አይተርፈውም። «ኩኩሉ»ን የመሰሉ በአገራችን ልጆች የተሠሩ የስልክ ጌሞችም የመጀመሪያ ቅጂያቸው በሠሪዎቹ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ቀርቶ እንዳይጠፋ፣ እያንዳንዱ እትም ከነቀኑ ቢቀመጥ ምንኛ ደስ ባለኝ። ስልክ ላይ የሚጫወቱ የጎረቤት ልጆችን ጨዋታቸውን ስክሪን እየቀዱ እንዲያስቀምጡልኝ ለምኛቸው ሁለቱ ጀምረዋል።

በሰፈራችን ቡድን ውስጥ 23 ተጫዋቾች ተመዝግበዋል። 17ቱን ለይቻለሁ፤ ሁለቱ ዛሬ በሕይወት የሉም፣ አንዱ ዐረብ አገር ነው። የቀሩት ስድስቱ በቅጽል ስም ብቻ የተጻፉ ስለሆኑ፣ ስማቸውን በላቲን የጻፈው ሰው ምን ለማለት እንደፈለገ እንኳ ለማንበብ ይቸግራል። በካርዱ ላይ ያሉትን የተጫዋቾቹን ሥዕሎች አትሜ ለጋሼ ወስጄላቸው ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ በ10 ቁጥር ማሊያው ላይ ጣታቸውን አሳረፉና፣ «ይህ የሚሞሪው ባለቤት ነው፤ ሁልጊዜ በኪሱ ይዞት ይመጣ ነበር። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ገብቶ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ» አሉኝ። ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዤ እወርዳለሁ።