ፓምፑ ጤነኛ ነበር፣ ያነሰው አየሩ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ጉድጓድ አስቆፍሮ ፓምፕ ሊገጥም ያሰበ ሰው ይህን ቢያነብ፣ እኔ ካባከንኩት ጊዜና ብር የተወሰነው ይተርፍለታል። እኔን ያስጠነቀቀኝ የለም። ያማከርኳቸው ሁሉ፣ ባለሱቁም ቧንቧ ሠራተኛውም፣ የተሳሳተውን ነገር በሙሉ ልብ ነው የነገሩኝ። ከነሱ ይልቅ የምናደደው ግን በራሴ ነው። ተማሪ እያለሁ ለኪስ ገንዘብ ብዬ የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን ፊዚክስ አስጠና ነበር። «ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው» እያልኩ ስንቱን ልጅ አስሸምድጃለሁ መሰላችሁ።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ሰፈራችን በከተማዋ ዳር፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው በኩል ነው። የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንድ ሌሊት ይመጣል፤ እሱም ከመጣ ነው። ስለዚህ ባለፈው ግንቦት ጉድጓድ አስቆፈርን። ሁለት ጎበዝ ቆፋሪዎች በ9 ቀን 11 ሜትር አወረዱት፣ የሲሚንቶ ቀለበት ገባ፣ ክዳን ተሠራ። ለደብዳቤና ለማህተም የተመላለስኩበትን አልተርከውም፤ የደም ግፊቴ ይነሳል።

ቆፋሪዎቹ ሲጨርሱ ገመድ ላይ ድንጋይ አስሬ ለካሁ። ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውሃው 7 ሜትር። ግንቦት ላይ 7 ከሆነ ከዚያ ብዙም አይርቅም ብዬ አሰብኩ። ሱቅ ሄጄ የፓምፑን ካርቶን አገላብጬ አነበብኩ፤ «ከፍተኛ የመሳብ አቅም 8 ሜትር» ይላል። ሰባት ከስምንት ያንሳል። ለባለቤቴ «ሰው እንዲህ ለክቶ ነው የሚገዛ» ብዬ እንደተኮፈስኩ እስካሁን ያስታውሰኛል።

ፓምፑን ነሐሴ ላይ ከጉድጓዱ አጠገብ ገጠምነው። ማብሪያውን ስንጫን ውሃው ሮቶው ውስጥ እንደ ፏፏቴ ወረደ። ጎረቤት መጥቶ አየ፣ ቡና ተፈላ። ያን ጊዜ ክረምቱ ውሃውን እስከ 3 ሜትር ተኩል ከፍ አድርጎት እንደነበር ልብ አላልኩም። ይህ ነሐሴ ነው ያሳበደኝ። በመጀመሪያው ቀን እምቢ ቢል ኖሮ በማግስቱ መልሼው፣ ታሪኩም እዚያው ያልቅ ነበር።

ኅዳር ላይ ድምፁ ተለወጠ። ፓምፑ ውስጥ ጠጠር የገባ ይመስል ይንኳኳል፣ የሚወርደውም ውሃ ቀጥኗል። ከፍተን አየን፤ አንድም ጠጠር የለም። ታኅሣሥ ሲያልቅ ጭራሽ አቆመ። ሞተሩ ይዞራል፣ ይጮኻል፣ ይግላል፤ ሮቶው ግን ደርቆ ቀረ።

ቧንቧ ሠራተኛው መጣ። ገና ከበሩ «እህቴ፣ አየር እየሳበ ነው» አለኝ። መገጣጠሚያውን ሁሉ ፈትቶ አዲስ ቴፍሎን ጠቀለለበት። ፓምፑን በውሃ ሞላን፣ አበራን። ለግማሽ ደቂቃ ያህል ወረደ፣ ከዚያ ቀጥ። በሁለተኛው ቅዳሜ ጥፋቱ የፉት ቫልቩ፣ ቧንቧው ጫፍ ላይ ሆኖ ውሃው ወደ ጉድጓዱ እንዳይመለስ የሚይዘው፣ ሆነ፤ አዲስ ተገዛ። በሦስተኛው ቅዳሜ ጎሚኒው ሆነ። በየቅዳሜው የእጅ ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል፣ እኔ ሰኞ ጠዋት ጀሪካን ይዤ ጎረቤት በር ላይ እቆማለሁ። በመጨረሻ የሳሙና አረፋ በሳህን መትቼ በየመገጣጠሚያው ቀባሁና ፓምፑን አበራሁ። ቀዳዳ ካለ አረፋው ወደ ውስጥ መሳብ አለበት። እየተንበረከኩ በባትሪ አየሁት፤ ነጩ አረፋ እንደተቀባ ቁጭ ብሏል፣ ንቅንቅ የለም። ይህን ለቧንቧ ሠራተኛው ስነግረው ሳቀና «አየር ብልጥ ነው» አለኝ። ምን ይመለስለታል?

ባለሱቁ ደግሞ የራሱ መልስ ነበረው። «የያዝሽው ግማሽ ፈረስ ጉልበት ነው፣ አቅም አንሶት ነው፤ አንድ ፈረስ ጉልበት ውሰጂ፣ ከዚህ እስከ ደብረ ብርሃን ይስብልሻል።» ተበደርኩና ወሰድኩ። ትልቁ ፓምፕ ከትንሹ የተለየው በጩኸቱ ብቻ ነበር። ልመልሰው ስሄድ ውሃ የነካ ዕቃ አይመለስም ተባልኩ።

ድሬዳዋ ያለው አብሮ አደጌ ከግማሽ ፈረስ ጉልበቱ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ፓምፕ አለው። ደወልኩለት። «እኔ ጋ ውሃው 6 ሜትር ተኩል ላይ ነው፣ እንደ ጉድ ይስባል» አለኝ። እንግዲያው የሸጡልኝ ፎርጅድ ነው ብዬ ደመደምኩና ያን ምሽት ባለሱቁን ስረግም አመሸሁ። እየረገምኩም ሽምብራ ጥጄ ነበር፤ አልበስል ብሎኝ ፕሬዠር ኩከሩን አወጣሁ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ስለሚፈላ ክፍቱ ድስት እሳቱን ይበላል እንጂ አያበስልም። ለምን ቢሉ አየሩ ስስ ነው፣ ውሃውን በደንብ አይጫነውም። ይህን ሁልጊዜም አውቀዋለሁ። የኩከሩ ፉጨት ሲጀምር ማንኪያው በእጄ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ።

ፓምፕ ውሃ አይስብም። ማንም ውሃ መሳብ አይችልም፤ ውሃ ገመድ አይደለም። ፓምፑ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቧንቧው ውስጥ ያለውን ግፊት ዝቅ ያደርጋል። ጉድጓዱ ውስጥ የውሃውን ፊት የሚጫነው የውጭ አየር ነው ውሃውን ወደ ቧንቧው የሚገፋው። በገለባ ጭማቂ ስንጠጣም የሚሠራው እሱ ነው፤ አፋችን መንገዱን ነው የሚያጸዳለት። ስለዚህ የውሃው ቁመት የሚወሰነው በሞተሩ ጉልበት ሳይሆን በአየሩ ክብደት ነው።

የአየሩ ክብደት ደግሞ እንደ አገሩ ነው። ባሕር ጠለል ላይ አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ገደማ ይጫናል፤ ይህ የ10.3 ሜትር የውሃ ዓምድ ተሸክሞ ያቆማል። ቧንቧው ውስጥ ፍጹም ባዶ ቢፈጠር እንኳ ከዚያ በላይ አንዲት ጣት አይወጣም። የእኛ ግቢ ላይ ስልኬ 2,480 ሜትር ይላል። እዚህ የአየሩ ግፊት ሩብ ያህሉ የለም፤ የሚቀረው የሚሸከመው 7.7 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው 8 ሜትር የተለካው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ከ10.3 ላይ 8 ሲነሳ 2.3 ይቀራል፤ ይህ ለቧንቧው ሰበቃ፣ ለቫልቩና ለፓምፑ ለራሱ የሚያስፈልገው ነው፣ ደጋ ስለወጣ አይቀንስለትም። ከ7.7 ላይ 2.3 ስትቀንሱ የኔ «8 ሜትር» ፓምፕ 5.4 ሜትር ሆኖ አረፈው። ውሃዬ 7 ሜትር ላይ ነው። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ የጓደኛዬ 6 ተኩል እዚያ በሒሳቡ ልክ ይሠራል።

ይህን ያወቁት ደግሞ ትናንት አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን የጣልያን ፓምፕ ሠሪዎች ውሃ ከ10 ሜትር ገደማ በላይ አልወጣ ብሏቸው ጋሊሊዮን አስቸግረው ነበር። የሱ ተከታይ ቶሪቼሊ በ1643 በውሃ ፈንታ ሜርኩሪ ተጠቅሞ ውሃውን ከታች የሚደግፈው አየሩ መሆኑን አሳየ። በ1648 ደግሞ ፓስካል የእህቱን ባል ፔሪዬን የሜርኩሪ ቱቦ አስይዞ ፈረንሳይ ውስጥ ፑይ ደ ዶም የሚባል ተራራ ላይ ላከው፤ ሲወጣ ሜርኩሪው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አለ፣ ጉድ ተባለ። የዚያ ተራራ ጫፍ 1,465 ሜትር ነው። የኔ ማዕድ ቤት ከሱ ጫፍ አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ይላል! እኔ ግን ተማሪዎቼን «የአየር ግፊት ስንት ነው?» ስላቸው «760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ» ሲሉኝ በቀይ እስክሪብቶ ልክ አደርግ ነበር። የተቀመጥንበት ክፍል ውስጥ ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ቢኖር 600 አይሞላም ነበር። አንዳችንም ያን ቁጥር የማን አገር ቁጥር እንደሆነ አልጠየቅንም።

ለማረጋገጥ ከፓምፑ መግቢያ በፊት አንድ ክንድ የሚያህል ብርሃን የሚያሳልፍ ጎማ አስገባሁ። ሞልቼ አበራሁት። መጀመሪያ ውሃው ጥርት ብሎ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ እንደ ሩዝ ፍሬ ትንንሽ አረፋዎች ታዩ፣ በዙ፣ ውሃው ወተት መሰለ፣ በመጨረሻም ዓምዱ ተቆርጦ ወደ ታች ወረደ። ጎማውን ነካሁት፤ እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ግፊቱ በጣም ስለወረደ ውሃው በብርዱ እየፈላ ነበር ማለት ነው። ኅዳር ላይ የሰማሁት «ጠጠር» ይኸው ነው፤ የእንፋሎት አረፋዎቹ ፓምፑ ውስጥ በድንገት ሲጨፈለቁ ብረቱን እንደሚቀጠቅጡት ያኔ ገባኝ። ያንን ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው አጥፉ፤ ፓምፑን ከውስጥ ይበላዋል።

መፍትሔው ግማሽ ቀን ነው የፈጀው። ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ሰብመርሲብል ፓምፕ ገዛን፣ በገመድ አስረን አወረድነው። እሱ ከታች ሆኖ ይገፋል። መግፋት የአየር ዕርዳታ አይፈልግም፤ ሞተሩና ቧንቧው እስከቻሉ 30 ሜትርም ይወጣል። ቧንቧ ሠራተኛው ሌላ ሐሳብ አቅርቦልኝ ነበር፦ አሮጌውን ፓምፕ ጉድጓዱ ውስጥ 3 ሜትር ዝቅ አድርገን ብረት ላይ እናስቀምጠው አለ። በፊዚክሱ ልክ ነው፤ የተናገረው ብቸኛ ልክ ነገር እሱ ነበር። ግን ክረምት ላይ ውሃው ምን ያህል እንደሚወጣ ያየ ሰው ኤሌክትሪክ እዚያ አያስገባም። እንቢ አልኩ። ሰፊ ቧንቧ ይግባ የሚሉም አሉ፤ ሰበቃውን ትንሽ ያቀልላል፣ አየር ግን አይጨምርም።

ሮቶውም ላይ ከፍያለሁ። ሻወሩ ሲያንጠባጥብ 2,000 ሊትሩን በ5,000 ቀየርኩት፤ ብዙ ውሃ ብዙ ይገፋል ብዬ። ያው ሆነ። የውሃ ግፊት ቁመቱን ነው የሚያየው፣ ስፋቱን አይደለም፤ በየሜትሩ 0.1 ባር ነው፣ ጠባብ ቱቦም ሆነ ሐይቅ። ሮቶውን ከመቀየር ይልቅ መቆሚያውን በሁለት ሜትር ከፍ ባደርገው ኖሮ በብረትና በብየዳ ዋጋ ይወጣልኝ ነበር። አሁን 5,000 ሊትር ውሃ አለን፣ ፀጉር ለመታጠብ ግን አሁንም ትዕግሥት ይጠይቃል።

እንግዲህ ከኔ ብትሰሙ፣ ጉድጓዳችሁን ግንቦት ላይ ለኩ፤ ፓምፑንም ግንቦት ላይ ሞክሩት፣ ነሐሴ ውሸታም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ላይ የሚቀመጥ ፓምፕ ስትገዙ ካርቶኑ የሚለውን ትታችሁ 5 ሜትር ብላችሁ ያዙት፤ ሻጩ ቢምል ቢገዘትም። እንጦጦ ላይ ከሆናችሁ 5ም ይበዛል። «አየር ስቦ ነው» ለሚላችሁ ቴፍሎን ከመግዛታችሁ በፊት ገመድና ድንጋይ አውጡ።

ግማሽ ፈረስ ጉልበቱን ከምድር በርሜል ወደ ሮቶው መግፊያ አደረግሁት፣ ሥራውን አግኝቶ ደስ ብሎት ይኖራል። አንድ ፈረስ ጉልበቱ ግን ካርቶኑ ውስጥ ነው፤ ብዙ አልሠራም። ውሃው ከ5 ሜትር ላልራቀ ሰው እሸጣለሁ፤ መጥቼ በገመድ ሳልለካ ግን አልሰጥም።